ከውድ ስዊች በፊት፦ ሁለት ኬብልን እንደ አንድ መስመር ማሠራት

የሽያጭ ክፍሉን ከታች፣ ሂሳብ ክፍሉንና ሰርቨሩን ከላይ ያደረገ ድርጅት ሁለቱን ፎቆች ብዙውን ጊዜ የሚያገናኘው በአንድ ኬብል ነው። ኬብሉ ሲጨናነቅ ደረሰኝ ይዘገያል፤ ሲበላሽ ሽያጩ ይቆማል። ለመሆኑ መፍትሔው የግድ ውድ ስዊች መግዛት ነውን? ሁልጊዜ አይደለም። ያለው ስዊች ማስተካከያ የሚቀበል ዓይነት ከሆነ፣ ሁለት ወይም አራት ፖርቶችን አጣምሮ እንደ አንድ መስመር ማሠራት ይቻላል።

አሠራሩ ሊንክ አግሪጌሽን ይባላል። ስሙ ግን እንደ አምራቹ ይለያያል። ሲስኮ ኢተርቻነል ሲለው፣ ኤችፒ በብዙ ስዊቾቹ ላይ ትራንክ ብሎታል። በሲስኮ ዘንድ ትራንክ ማለት ደግሞ የተለያዩ ቪላኖችን የሚያሳልፍ ፖርት ነው። በመሆኑም «ትራንክ አለው?» ብሎ ብቻ የጠየቀ ገዢ ያልፈለገውን ዕቃ ሊሸከም ይችላል። ትክክለኛው ጥያቄ «ኤልኤሲፒ ይቀበላል?» የሚለው ነው። ኤልኤሲፒ እ.ኤ.አ. በ2000 ከጸደቀው 802.3ኤዲ ከተባለው ደረጃ ጋር የመጣ ሲሆን፣ ደረጃው በ2008 ወደ 802.1ኤኤክስ ተዛውሯል። የተለያዩ አምራቾች ስዊቾች የሚግባቡትም በዚሁ ነው።

የሥራው ቅደም ተከተል እንደሚከተለው ነው።

1. የሚጣመሩት ፖርቶች ፍጥነታቸውና የቪላን ምደባቸው አንድ ዓይነት ይሁን። የ100 ሜጋቢት ፖርት ከ1 ጊጋቢት ጋር አይጣመርም።

2. ትርፍ ኬብሎቹ ከመሰካታቸው በፊት ፖርቶቹ በሁለቱም ስዊቾች ላይ በአንድ ቡድን ይግቡ። ቀድሞ ከተሰካ ስፓኒንግ ትሪ የተባለው መከላከያ ትርፉን መስመር ይዘጋዋል። መከላከያው ከሌለ ግን መልእክት እየዞረ መላውን ኔትዎርክ ያቆመዋል።

3. ቢያንስ አንዱ ወገን «አክቲቭ» ይደረግ። ሁለቱም «ፓሲቭ» ከሆኑ አንዱ የሌላውን ጥሪ ሲጠብቅ ጥምረቱ አይፈጠርም።

4. ኬብሎቹ ተሰክተው ሁሉም ፖርቶች ቡድኑን መቀላቀላቸው ይረጋገጥ፤ ማስተካከያውም በስዊቹ ላይ ይቀመጥ። አለበለዚያ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሥራው ሁሉ ሊጠፋ ይችላል።

ይሁንና ባለ1 ጊጋቢት አራት ኬብሎች ተጣመሩ ማለት አንድ ፋይል በ4 ጊጋቢት ይሄዳል ማለት አይደለም። ባንክ ቤት አራት መስኮት ቢከፈት አንድ ደንበኛ በአራቱም አይስተናገድም፤ የሚያጥረው የብዙዎች ሰልፍ ነው። ስዊቹም የላኪና የተቀባይ አድራሻ አይቶ እያንዳንዱን ግንኙነት በአንድ ኬብል ብቻ ይሰዳል። ብዙ ሠራተኞች ሰርቨሩን በአንድ ጊዜ ለሚጠቀሙበት ድርጅት ጥቅሙ ግልጽ ነው። ችግሩ የአንድ ኮምፒዩተር ትልቅ ቅጂ ከሆነ ግን የሚሻለው የ10 ጊጋቢት ፖርት ነው። ከውጭ የሚገባው የኢንተርኔት መስመር ቀርፋፋ ከሆነም ይህ ጥምረት አያፈጥነውም።

ሌላው፣ ኬብሎቹ ሁለት ቢሆኑም ስዊቹ አንድ ነው፤ እርሱ ከተቃጠለ ሁለቱም አብረው ይሞታሉ።

በመጨረሻም ቀሪ ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ሥራው በባለንብረቱ ፊት ይፈተን። ሽያጭ እየተካሄደ አንዱ ኬብል ይነቀል፤ ከዚያም ተመልሶ ሌላው ይነቀል። ደረሰኝ መውጣቱን ከቀጠለ ገንዘቡ በቦታው ውሏል።