አውታረ መረብና በይነ መረብ፦ በዋጋ ማቅረቢያ ላይ የሚገኙ ቃላት ምን ማለት ናቸው?

ለአንድ የደብር ጽሕፈት ቤት የኮምፒውተር መስመር ለመዘርጋት የዋጋ ማቅረቢያ ሲመጣ «ራውተር»፣ «ስዊች»፣ «ካት 6 ኬብል» የሚሉ ቃላት ከነዋጋቸው ተዘርዝረው ይቀርባሉ። የሰበካ መንፈሳዊ ጉባኤ አባላት የቆርቆሮንና የሲሚንቶን ዋጋ ሳይመረምሩ አያጸድቁም። በዚህ ሰነድ ላይ ግን ቃላቱ እንግዳ ስለሚሆኑባቸው ባለሙያው ያለውን ተቀብለው ይፈርማሉ። ይህ ትምህርት የተዘጋጀው ፈራሚው የሚፈርምበትን ነገር ለይቶ እንዲያውቅ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚለዩት «አውታረ መረብ» እና «በይነ መረብ» ናቸው። የመጀመሪያው በተለምዶ ኔትወርክ፣ ሁለተኛው ኢንተርኔት የምንለው ነው። አውታር ካህናትና መዘምራን ከበገና የሚያውቁት ቃል ነው፤ በይነ ደግሞ በግእዝ «በመካከል» ማለት ነው። እንግዲህ አውታረ መረብ በክር እንደ ተያያዘ መረብ እርስ በርስ የተገናኙ ኮምፒውተሮች ሲሆን፣ በይነ መረብ በብዙ መረቦች መካከል ያለው ግንኙነት ነው። ቃሉን የተረጐሙት ሊቃውንት በሚገባ ተርጕመውታል፤ የእንግሊዝኛው ስያሜም የሚለው ይህንኑ ነው።

ልዩነቱ ገንዘብ የሚያወጣና የሚያድን ነው። የጸሐፊው፣ የሒሳብ ሹሙና የንብረት ክፍሉ ኮምፒውተሮች በኬብል ከተገናኙ አንድ ማተሚያ በጋራ ይጠቀማሉ፤ አንድ መዝገብ ሁሉም ከየክፍላቸው ያዩታል። ለዚህ ወርኃዊ ክፍያ አይጠየቅም፤ የኢንተርኔት አገልግሎት ቢቋረጥም ሥራው አይቆምም። ይህን ባለመረዳት ግን «ኢንተርኔት ስለሌለን» ተብሎ ሰነድ ከክፍል ወደ ክፍል በፍላሽ የሚመላለስባቸው ጽሕፈት ቤቶች ጥቂት አይደሉም። ፍላሹም ከሰነዱ ጋር ቫይረስ ይዞ ይዞራል።

በአንድ ሕንፃ ወይም በአንድ ቅጥር ግቢ ውስጥ ያለው አውታረ መረብ «ላን» ይባላል። የላን ማእከሉ ስዊች ነው፤ ከየኮምፒውተሩ የሚመጡት ኬብሎች ሁሉ የሚሰኩት በእርሱ ላይ ነው። ስዊች በመሰኪያው ብዛት ይሸጣል፤ ቈጠራው ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። ስድስት ኮምፒውተርና አንድ ማተሚያ ያለው ጽሕፈት ቤት ባለ 8 መሰኪያ ቢገዛ አንዱን መሰኪያ ራውተሩ ስለሚይዘው ስዊቹ በመጀመሪያው ቀን ይሞላል። በሚቀጥለው ዓመት አንድ ኮምፒውተር ሲጨመር ሌላ ግዥ ይመጣል። ባለ 16 መሰኪያውን አስቀድሞ መግዛት ይመረጣል።

ካት 6 የኬብሉ ዓይነት ስያሜ ነው። እንዲህ ያለው የመዳብ ኬብል ከስዊች እስከ ኮምፒውተር ከ100 ሜትር በላይ እንዲዘረጋ አይፈቀድም። ግቢያቸው ሰፊ በሆነ አድባራት ጽሕፈት ቤቱ በአንድ ወገን፣ የሰንበት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ በሌላ ወገን ሊሆን ስለሚችል፣ ከውል በፊት ርቀቱን በሜትር ማስለካት ይገባል። ከ100 ሜትር ካለፈ በመካከል ሌላ ስዊች ማኖር ወይም የፋይበር ኬብል መጠቀም ግድ ይሆናል፤ ሁለቱም ዋጋውን ይለውጡታል።

ራውተር የግቢው በር ነው። ላንን ከበይነ መረብ ጋር የሚያገናኘው እርሱ ነው። ሞደም ከቴሌ መስመር የሚመጣውን ምልክት ኮምፒውተር ወደሚረዳው የሚለውጥ መሣሪያ ሲሆን፣ ዛሬ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱ በአንድ ሣጥን ውስጥ ይገኛሉ። ስለዚህ ሁለቱ ለየብቻ ዋጋ ተጽፎላቸው ከቀረቡ ምክንያቱን መጠየቅ አያሳፍርም። ራውተሩ ለእያንዳንዱ መሣሪያ «አይ ፒ አድራሻ» የተባለ ቁጥር ይሰጣል። በ192.168 የሚጀምሩት ቁጥሮች በግቢ ውስጥ ብቻ የሚያገለግሉ ናቸው፤ በሌላ ደብር ያለ ኮምፒውተርም ይህንኑ ቁጥር ሊይዝ ይችላል። የውጭው ዓለም የሚያውቀው የበሩን ቁጥር ነው እንጂ የክፍሎቹን አይደለም።

ስለ ፍጥነት ሲነገር «ሜጋ ቢት» እና «ሜጋ ባይት» ይምታታሉ። አንድ ባይት 8 ቢት ነው። አገልግሎት ሰጪዎች የሚሸጡት በሜጋ ቢት ሲሆን፣ የፋይል መጠን የሚነገረው በሜጋ ባይት ነው። በሰከንድ 10 ሜጋ ቢት ተብሎ በተገዛ መስመር 100 ሜጋ ባይት የሆነ ስብከት ለማውረድ፣ መስመሩ ቢሞላ እንኳ 80 ሰከንድ ያስፈልጋል። ይህን የማያውቅ ሰው ተታለልሁ ብሎ ያለ ምክንያት ይከሳል።

ዋይፋይ ኢንተርኔት አይደለም፤ ያለ ኬብል ከላን ጋር መገናኛ መንገድ ነው። የጽሕፈት ቤቱን የዋይፋይ የይለፍ ቃል ለእንግዳ፣ ለበዓል ቀረጻ ለመጡ ወጣቶች ወይም ለአላፊ አግዳሚ መስጠት፣ ኢንተርኔት ማካፈል ብቻ ይመስላል። በእውነቱ ግን መዝገቦቹ ወዳሉበት ግቢ ማስገባት ነው። በእነዚያ መዝገቦች ውስጥ የምእመናን ስም፣ ስልክ፣ የጥምቀትና የጋብቻ ማስረጃ፣ የአስተዋጽኦ ክፍያ አለ። ባለቤቶቹ አምነው የሰጡት ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ደግሞ ጉዳዩ የሕግም ነው። መፍትሔው እንግዳን መከልከል አይደለም፤ አብዛኞቹ ራውተሮች «የእንግዳ ኔትወርክ» የተባለ የተለየ መንገድ ስላላቸው፣ ኢንተርኔት እየሰጠ ከመዝገቡ የሚያርቀውን ይህን መንገድ ባለሙያው እንዲከፍት በውሉ ላይ ማስጻፍ ነው።

ራውተሩ ሁለት የይለፍ ቃል አለው። አንዱ ለዋይፋይ ተጠቃሚዎች ሲሆን፣ ሌላው ራውተሩን ራሱን ለሚያስተዳድር ሰው ነው። ሁለተኛው ከፋብሪካ ሲመጣ በመሣሪያው ጀርባ ተጽፎ ስለሚገኝ፣ በተተከለበት ቀን መለወጥ አለበት። አዲሱ የይለፍ ቃል በባለሙያው ስልክ ብቻ ቢቀር፣ ባለሙያው በጠፋ ጊዜ ደብሩ በራሱ በር ላይ ቆሞ ይቀራል። በወረቀት ተጽፎ፣ በፖስታ ታሽጎ፣ የጸሐፊውና የሒሳብ ሹሙ ፊርማ አርፎበት በካዝና ይቀመጥ፤ ጸሐፊ ሲለወጥም ከማኅተሙ ጋር በርክክብ ሰነዱ ላይ ይመዝገብ።