ዘንባባ ቆጥሮ ታሪክ ማንበብ

በዛሬው ዝግጅታችን የጀግንነት ሜዳይ ለታሪክ ትምህርት እንዴት መርጃ መሣሪያ እንደሚሆን እናያለን። ነገሩ በተለይ ወደ ዳባት፣ ደባርቅና ጃናሞራ ለምንመደብ እጩ መምህራን ይጠቅማል።

ዱሮ ጀግና የሚሸለመው ለምድ፣ በብር ያጌጠ ጋሻ ወይም ጎራዴ ነበር። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ካሣ ደጃዝማች ውቤን ድል አድርገው፣ እዚሁ ጃናሞራ ደረስጌ ማርያም ላይ ዓፄ ቴዎድሮስ ተብለው ሲነግሡ የነበረው ልማድ ይኸው ነው። ደረት ላይ የሚንጠለጠለው ሜዳይ የመጣው ቆይቶ ነው።

በየቤቱ ይበልጥ የሚታወቀው የአርበኝነት ሜዳይ ነው። ከጣሊያን ወረራ በኋላ ሲሰጥ በጥብጣቡ ላይ ትናንሽ ዘንባባዎች ተደርገውበታል። አንዱ ዘንባባ የአንድ ዓመት አርበኝነት ምልክት ነው። «ባለ አምስት ዘንባባ» ከተባለ፣ ሰውዬው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አምስቱንም ዓመት በዱር በገደል ቆይቷል ማለት ነው።

ታዲያ ቆጠራው እዚህ ላይ ያበቃል? በኛ በኩል አያበቃም። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገቡ፣ ደባርቅ አጠገብ ወልቀፊት ላይ ጣሊያን ገና እንደመሸገ ነበር። ኮሎኔል ጎኔላ 3 ሺህ ያህል ወታደር ይዞ እጁን የሰጠው በመስከረም 1934 ዓ.ም. ነው። ጎንደርም ነፃ የወጣችው በዚያው ዓመት ኅዳር 18 ቀን ነው። አዲስ አበባ ድሏን ስታከብር የኛ አገር ሰው ገና ይዋጋ ነበር። አምስቱ ዘንባባ ይህን አይናገርም።

ሌላም አለ። ሜዳይ ዓመት ይቆጥራል እንጂ፣ የገብስ በሶ ተሸክማ ገደል የወረደችውን፣ የጠላት ወሬ ያቀበለውን፣ ወድቆ የቀረውን ሁሉ አይዘረዝርም።

ስለዚህ ክፍል ውስጥ እነዚህን እንጠይቅ፦
1. ሜዳዩን ማን ሰጠ? መቼ?
2. ለማን ተሰጠ? ለምን?
3. ስንት ዘንባባ አለው?
4. አብሮ የደከመ፣ ግን ያልተሸለመ ማን ነበር?

ማስጠንቀቂያም አለን። ልጆቹ ሜዳዩን ይዘው እንዲመጡ አንዘዝ፤ የቤተሰብ ቅርስ ነው፣ መንገድ ላይ ይጠፋል። ሥዕሉን ሥለው፣ ከአያቶቻቸው የሰሙትን ጽፈው ይምጡ። ሜዳይ ከሌለበት ቤት የመጣውም ልጅ እኩል ይጠየቅ። ሜዳይ የለም ማለት አርበኛ አልነበረም ማለት አይደለምና።