ጉበት ሲደማ፦ ለአዲሷ ሰርጀን

ልጄ ዶክተር፣ ስፔሻሊቲሽን ጨርሰሽ ዞን ሆስፒታል መመደብሽን ሰማሁ። እዚያ በእኩለ ሌሊት ደውለሽ የምትቀሰቅሺው ሲኒየር የለም። ስለዚህ ጠቅላላ ሰርጀንን ከሚያስጨንቁት ነገሮች አንዱን፣ ክፉኛ የተሰነጠቀ ጉበትን፣ መርጬ ልጽፍልሽ ተነሣሁ።

1. መጀመሪያ የማይከፈተውን ለዪ። በመኪና አደጋ ወይም በመውደቅ ጉበታቸው ከተጎዳ ሰዎች አብዛኞቹ ቢላዋ አያስፈልጋቸውም። ግፊቱ ከያዘ፣ ሆዱ ካልደነደነ፣ ሄሞግሎቢኑ ካልወረደ ይተኛና ይጠበቅ። ሲቲ ስካኑ «ደረጃ 4» ስላለ ብቻ አትቸኩዪ፤ ኦፕራሲዮን ክፍል የሚያስገባሽ የልብ ምቱና ግፊቱ ነው። በየሰዓቱ የሚለካው ሰው በሌለበት ግን «እንጠብቅ» አትበዪ።

2. የሚከፈት ከሆነ፣ ቆዳውን ከመንካትሽ በፊት ደሙ ይድረስልሽ። በደም የተወጠረ ሆድ የሚደማውን በመጠኑ አፍኖ ይይዛል፤ ስትከፍቺው ያ አፈና ይለቅና የታካሚው ግፊት አብሮ ይወርዳል። ሁለት ሳክሽን፣ ተቆጥሮ የተቀመጠ ትልልቅ ጋውዝ፣ የሞቀ ክፍል ይኑርሽ። ጉዳቱ ከደረሰ 3 ሰዓት ካላለፈ ትራኔክሳሚክ አሲድ ስጪ፦ 1 ግራም በ10 ደቂቃ፣ ሌላ 1 ግራም በ8 ሰዓት። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው፣ ከ20 ሺህ በላይ ቁስለኞች የተሳተፉበት ጥናት መድኃኒቱ ሞትን እንደሚቀንስ አሳይቷል። ከ3 ሰዓት በኋላ ግን ጉዳቱ ሊያመዝን ስለሚችል ይቅርብሽ።

3. ሆዱ ሲከፈት ደሙ ይገነፍላል። ረዳትሽ ሳክሽኑን ስንጥቁ ውስጥ ለመክተት ይሽቀዳደማል፤ ያንቺም እጅ የሚደማውን ቦታ ፈልጎ ለመስፋት ይቁነጠነጣል። ተይ። ሁለቱን መዳፎችሽን በጉበቱ ግራና ቀኝ አድርገሽ የተሰነጠቀውን ከንፈር ለከንፈር ግጠሚውና ወደ ጀርባው ተጫኚ። በጣቶችሽ መሀል የሚያመልጠው ደም እየቀነሰ ሲሄድ ይታወቅሻል። ያን ጊዜ ቀና ብለሽ አኔስቴቲስቱን «ይዤዋለሁ፤ አንተ ድረስበት» በዪው። ከዚያ ደሙ እስኪገባ፣ ግፊቱ እስኪመለስ ዝም ብለሽ ቁሚ። ከዳር ለሚያይሽ ሥራ የፈታሽ ትመስያለሽ፤ ክፍሉ ውስጥ ካንቺ የበለጠ የሚሠራ ግን የለም። ለወጣት ሰርጀን እንዲህ ዝም ብሎ ከመያዝ የሚከብድ ነገር አላየሁም።

4. እጅሽን ስታነሺ ደሙ ከመለሰ፣ በሩን ዝጊ። ከጨጓራ ጀርባ ወዳለው ከረጢት በሚያስገባው የዊንስሎው ቀዳዳ የግራ አመልካች ጣትሽን ከኋላ፣ አውራ ጣትሽን ከፊት አድርገሽ ቆንጥጪ። ፖርታል ቬይን፣ የጉበት ደም ቅዳና የሐሞት ቱቦ በጣቶችሽ መሀል ናቸው። ጉበት በደቂቃ ወደ አንድ ሊትር ተኩል ደም ይገባዋል፤ ከዚህ ሦስት አራተኛው የሚመጣው በፖርታል ቬይን ነው። ከዚያ ክላምፕ ወይም ለስላሳ የጎማ ቱቦ ተኪበት፤ የተዘጋበትን ሰዓት ነርሷ ትጻፍ፤ በየ15 ደቂቃው እየለቀቅሽ አሳርፊው።

ይህን ያሳየን ጀምስ ሆጋርዝ ፕሪንግል የተባለ የግላስጎው ሰርጀን ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1908። ደም መስጠት ገና ልማድ ባልሆነበት ዘመን ስለነበር ከጻፈላቸው ታካሚዎች አንድም አልተረፈም። ሰውዬው ግን ጽፎ አወጣው። ያልተሳካን ሥራ እንዲህ በሐቅ የሚጽፍ ዛሬም ብዙ አናገኝም።

ቆንጥጠሽ ደሙ ከቆመ ምንጩ ገቢው ደም ነው፤ ሥራሽ ቀሏል። ጠቆር ያለ ደም ከጀርባ መውጣቱን ከቀጠለ ግን የጉበት ደም መልስ ወይም ቬና ካቫ ተቀዷል።

5. ፓኪንግ ስታደርጊ ጋውዙን ስንጥቁ ውስጥ አትጎስጉሺ፤ የባሰ ትከፍቺዋለሽ። ለሁለት የተቆረሰ ዳቦ መልሰሽ ስትገጥሚ ከውጭ ነው የምትይዢው፤ እንደዚያው ከላይ በጉበቱና በድያፍራሙ መሀል፣ ከታችም ከሥሩ ደርድሪ። መዳፍሽ ይዞት የቆየውን ግፊት ጋውዙ ይረከብሽ። ከበዛ ቬና ካቫን ይጫናል፣ ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ያንሳል፣ ሳንባውም መነፋት ያስቸግራል፤ ያኔ አንድ ሁለቱን አውጪ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ይህ ዘዴ «ኢንፌክሽን ያመጣል፣ ሲወጣም ያደማል» ተብሎ ለዓመታት ተንቆ ነበር፤ የተመለሰው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ80ዎቹ ነው። የድሮ መጽሐፍ ላይ ውግዘቱን ብታገኚ አትደንግጪ።

6. ፓኪንግ ካልበቃ፣ የሚታይሽን የደም ሥር ለብቻው እሰሪው። በትልቅ መርፌ በጥልቀት በጭፍን አትስፊ፤ የታነቀው የጉበት ሥጋ በኋላ ይሞትብሻል። ጥይት ወዲያና ወዲህ በስቶት ከሆነ፣ በሁለቱም ጫፍ የታሰረ ለስላሳ የጎማ ቱቦ በካቴተር ላይ አድርገሽ በቀዳዳው አስገቢና ውሃ ሙዪው፤ ከውስጥ ይጫንልሻል። ሰፊ ስንጥቅ ውስጥ ደግሞ ሞራውን ሥሩን ሳትቆርጪ አስገቢ። ሞራ ገላጮች ከሚያነቡበት ይልቅ እዚህ ይጠቅማል።

ከጉበቱ ጀርባ የረጋ ደም ካየሽና እየሰፋ ካልሆነ፣ ጉበቱን የያዙትን ጅማቶች ቆርጠሽ አታንሺው፤ የታፈነውን ትለቂዋለሽ። እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ በልብ በኩል ቱቦ አስገብቶ ደሙን ማሳለፍ ይታወቃል፤ ከተሠራላቸው አብዛኞቹ ስለሞቱ አልመክርሽም።

7. የሰውነቱ ሙቀት ከ35 ዲግሪ ከወረደ፣ ወይም ቆዳው ከተቆረጠበትና መርፌ ከተወጋበት ሁሉ ደም መንጠባጠብ ከጀመረ፣ የደም ጋዝ ምርመራ አትጠብቂ። ደሙ መርጋት አቁሟል፤ የምትሰፊው ሁሉ ይደማል። አሜሪካዊው ሃርላን ስቶን እ.ኤ.አ. በ1983 ያስተማረው ይህን ነው፦ ጠቅልለሽ ውጪ፣ አሙቂው፣ ደም ስጪው፣ ከዚያ ተመለሺ። ቆዳውን ብቻ ስፊ፤ አልዘጋ ካለሽም ከጀርም የጸዳ የግሉኮስ ከረጢት ተርትረሽ ጠርዙ ላይ ስፊው፤ ኮሎምቢያውያን በቦጎታ ያስለመዱት ዘዴ ነው። ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ፣ ሞቆና ደሙ መርጋት ሲጀምር ትመለሺያለሽ። ጋውዙን ከመሳብሽ በፊት በሞቀ ጨዋማ ፈሳሽ አርሺው።

8. ስንት ጋውዝ እንደተውሽ በካርዱ ላይ በትልቁ ጻፊ። ሌላ ሆስፒታል የምትልኪው ከሆነ የሪፈር ወረቀቱን አምነሽ አትቀመጪ፤ ወረቀት መንገድ ላይ ይጠፋል። ራስሽ ደውዪና ለተረኛው ሐኪም ንገሪው፦ «ጉበቱ ላይ 7 ትልልቅ ጋውዝ አለ፤ 4 ከላይ፣ 3 ከታች። ክላምፕ አልተውኩም።»