የታጠፈ ቧንቧ ምን ያህል ይገፋል?

ጅቡቲ ከተማ ውስጥ ቧንቧ ስንከፍት ከሚወርደው ውሃ ከፊሉ ከሀገራችን የመጣ ነው። በሶማሌ ክልል ሐዳጋላ አካባቢ ከጉድጓድ ይወጣና ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ እዚህ ይደርሳል። መስመሩ በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ እንዲያደርስ ታስቦ ነበር። የዘንድሮው የፊዚክስ ፕሮጀክታችን ጥያቄም ከዚሁ ተነሣ፦ ይህን ያህል ውሃ የሚሸከም ቧንቧ ሲታጠፍ ምን ይደርስበታል?

ለስሌት እንዲመቸን የራሳችንን ቧንቧ በኮምፒውተር ሠራን። የውስጥ ዲያሜትሩ 800 ሚሊ ሜትር፣ የብረቱ ውፍረት 8 ሚሊ ሜትር ነው፤ መሐል ላይ በ90 ዲግሪ ይታጠፋል። ውሃው ከ100 ሜትር ከፍታ እንደሚወርድ ቆጥረን ግፊቱን 10 ባር አልን። ይህም በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ 10 ኪሎ ግራም ያህል ማለት ነው። ፍጥነቱ በሰከንድ 2.3 ሜትር ነው። (የጅቡቲን ፀሐይ አላስገባንም፤ የብረት በሙቀት መለጠጥ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው።)

ስሌቱ ሁለት ደረጃ አለው። መጀመሪያ የውሃው ፍሰት ይሰላል፤ ከዚያ ውሃው በግድግዳው ላይ የሚያሳርፈው ግፊት ወደ ብረቱ ይተላለፍና ብረቱ ምን ያህል እንደሚወጠር ይታያል።

የተሳሳትነው በመጀመሪያው ደረጃ ነው። በመውጫው በኩል ግፊቱን ዜሮ ብለን ሞላን። ፕሮግራሙ ሳያጉረመርም ጨረሰ፤ ያማረ ባለ ቀለም ሥዕል ሰጠን፣ እኛም ፖስተር ላይ ለጠፍነው። በኋላ በእጃችን ስናሰላው ግን ግፊት ሲባዛ በዲያሜትር፣ ሲካፈል ለውፍረቱ እጥፍ፣ 50 ሜጋፓስካል መጣ። የኮምፒውተሩ መልስ አንድ እንኳ አይሞላም! ፕሮግራሙ የሚያሰላው በመግቢያና በመውጫ መካከል ያለውን የግፊት ልዩነት ስለሆነ፣ 10 ባሩን እኛው ካልነገርነው ከየትም አያመጣውም። መውጫውን 10 ባር ስናደርገው ቀጥ ባለው ክፍል ላይ ወደ 50 ተጠጋ፤ በመታጠፊያው ውስጠኛ ጎን ደግሞ ከዚያ በለጠ።

ብረቱ የሰፋው ከመሐሉ ወደ ውጭ 0.1 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ይህ ፍሰቱን ስለማይለውጠው የውሃውን ስሌት መድገም አላስፈለገንም። ቧንቧው ላስቲክ ቢሆን ኖሮ በሁለቱ ስሌቶች መካከል መመላለስ ግድ ይሆን ነበር።

በጣም ያስገረመን ግን መታጠፊያው የሚገፋበት ኃይል ነው፦ ወደ ውጭ ከ70 ቶን በላይ። ከዚህ ውስጥ ከውሃው ሩጫ የሚመጣው ግማሽ ቶን አይሞላም። ውሃው ጭራሽ ቢቆም እንኳ ግፊቱ እስካለ ድረስ መታጠፊያው መግፋቱን አይተውም። መጋጠሚያቸው የተሰካ ብቻ የሆኑ ቧንቧዎች በሚታጠፉበት ቦታ ከጀርባቸው ወፍራም ኮንክሪት የሚሞላው ለዚህ ነው። በመጀመሪያው ፖስተራችን ስሌት ግን ያ ኮንክሪት ከነአካቴው አያስፈልግም ነበር።

አዲሱን ሥዕል አትመን ለጠፍን። የተሳሳተውንም አላነሣነውም፤ ከጎኑ አለ።