መስታወቱን ዳብሺው

ልጄ፣ የሟች ቤት ዕቃ ሲሸጥ ያየሽውን ተንጠልጣይ የመስታወት መብራት ልትገዢ ነው አሉኝ። እዚህ አሜሪካ ሠላሳ ዓመት የአሮጌ መብራት ሽቦ ስቀይር ኖሬያለሁና ገንዘብሽን ከመቁጠርሽ በፊት ይህን ያዢልኝ። ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. ፊርማውን መጨረሻ አንብቢው። የፈረንሳይዋ የናንሲ ከተማ ልጅ ኤሚል ጋሌ ዝነኛ የሆነበት መስታወት ሁለት ሦስት ቀለም ተደርቦ የተነፋ ነው። ሥዕሉ የሚቀርበትን ቦታ አሲድ በማይበላው ነገር ይሸፍኑታል፤ የቀረውን አሲዱ ይበላዋል። ስለዚህ ቅጠሉም ሐረጉም ከመደቡ ከፍ ብሎ ይቀራል። ዓይንሽን ጨፍነሽ በጣትሽ ጫፍ ብትሄጂበት የቅጠሉን ጠርዝ ታገኚዋለሽ። ልሙጥ ከሆነብሽ ተጠራጠሪ። ጋሌ በ1904 ሲሞት ፋብሪካው ሥራውን ቀጠለ፤ ለጥቂት ዓመታትም ከስሙ አጠገብ ትንሽ ኮከብ ይደረግ ነበር። በኛ ዘመን ሩማንያ ውስጥ በእሱ ስልት የሚሠሩት ግን «ቲፕ» የሚል ቃል አለባቸው፤ «ዓይነት» ማለት ነው። ይህችን ቃል ፍቀው ስሙን ብቻ አስቀርተው የሚሸጡ አሉ። ከስሙ ጎን የተፋቀ፣ የደበዘዘ ቦታ ጣትሽን ከያዘው፣ አመስግነሽ ውጪ።

2. ጠፍቶም በርቶም እዪው። የኒው ዮርኩ ቲፋኒ መስታወት ቀለሙ በአብዛኛው ከራሱ ከመስታወቱ ውስጥ ነው። ጠፍቶ የደነዘዘ የመሰለሽ ቁራጭ አምፖሉ ሲበራ የንጋት ሰማይ ይሆናል።

3. አፉ ወዴት እንደዞረ ልብ በይ፤ ዘመኑን ይጠቁምሻል። በኩራዝ ያደግን ሰዎች ነበልባል ሽቅብ እንደሚሄድ እናውቃለን፤ የላምባ መብራት ተደፍቶ አይሰቀልም። አምፖል ሲመጣ ግን ሠሪዎቹ አበባውን ቁልቁል ደፉት፤ ግንዱን ነሐስ፣ ቅጠሉን መስታወት አደረጉት። አርት ኑቮ የሚሉት የጥበብ ስልት ይህን ይመስላል። በ1925ቱ የፓሪስ ኤግዚቢሽን ጊዜ ሐረጉ ቀርቶ ቀጥ ያለው መስመር ነግሦ ነበር።

4. የሠሩትን እጆች እወቂ። የቲፋኒን መስታወት የሚመርጡና የሚቆርጡ ሴቶች ነበሩ፤ አለቃቸው ክላራ ድሪስኮል። የውሃ ተርብ የተሣለበት መብራቷ በ1900 ፓሪስ ላይ ተሸልሟል። ዊስተሪያ በሚባለው መብራቷ ላይ ወደ 2,000 የሚጠጉ ቁርጥራጮች አሉ፤ እያንዳንዱ ጠርዙ በስስ መዳብ ተጠቅልሎ ከጎረቤቱ ጋር ተበይዷል። ስሟ ግን መቶ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ተሸፍኖ ኖረ፤ ለቤተሰቧ የጻፈቻቸው ደብዳቤዎች ናቸው ያወጡት። ይህ ዛሬም ያንገበግበኛል።

5. አትፈግፍጊው። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን የአንድ መብራት ብየዳ ጠቁሮ አየሁና እንደ ብር እስኪያበራ ፈገፈግሁት። ያ ጥቁረት ሠሪዎቹ ራሳቸው ሆን ብለው የሰጡት ነበር፤ ተመልሶ አልመጣም። የባለቤቷን ፊት እስካሁን አልረሳሁትም። አንቺ ለስላሳ ጨርቅ ብቻ አርጥበሽ ጥረጊው። ብየዳው እርሳስ አለበትና እጅሽን ታጠቢ።

6. ሽቦውን አስቀይሪ፤ የተፈታውን አሮጌ ዕቃ ግን አትጣዪ፣ በከረጢት አኑሪው። አምፖሉ ኤልኢዲ ይሁን፤ ሙቀቱ ትንሽ ነው። መንጠቆው ኮርኒሱን ሳይሆን የጣሪያውን እንጨት ይንከስ። መስታወቱን ከመስቀልሽ በፊት እሱን የሚያህል ክብደት ያለው አሸዋ በከረጢት ሞልተሽ እዚያው ሰንሰለት ላይ አሳድሪው። ጠዋት መንጠቆው ንቅንቅ ካላለ ጥሪኝ፤ መጥቼ አብረን እንሰቅለዋለን።