ምንትዋብ ማለት ምን ማለት ነው?

ጥያቄ፦ የመጀመሪያ ልጃችንን ምንትዋብ ልንላት አስበናል። ዘመዶቻችን ግን «የድሮ ስም ነው፤ ትርጉሙም አይታወቅም» ይሉናል። እውነት ነው?

መልስ፦ እንኳን ማርያም ማረቻችሁ! ትርጉሙስ በደንብ ይታወቃል። ስሙ እንደ ይመኙሻል ሁሉ አንድ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ነው። «ተዋበ» ከሚለው ግስ የመጣ የአድናቆት ቃል ሲሆን ዛሬ «ምን ታምር!» እንደምንለው «ምን ትዋብ!» ማለት ነው። ልጅቷ በተጠራች ቁጥር ትደነቃለች ማለት ነው፤ ይህን መሰል ስም ማን ያገኛል?

ስሙን ያስከበሩት ደግሞ የቋራዋ ተወላጅ እቴጌ ምንትዋብ ናቸው። የክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ፣ የንግሥና ስማቸው ብርሃን ሞገሳ ነበር። ባለቤታቸው ዐፄ በካፋ በ1730 እ.ኤ.አ. ሲያርፉ ልጃቸው ኢያሱ ገና ሕፃን ስለነበር፣ እሳቸውም ዘውድ ጭነው አገር አስተዳደሩ። ከጎንደር በላይ ያለውን የቁስቋም ቤተ ክርስቲያንና ቤተ መንግሥት ያሠሩት እሳቸው ናቸው። ስማቸው መልክን ያወድስ እንጂ ታሪክ የሚያስታውሳቸው በሥራቸው ነው።

አንዳንዶች «ምንተዋብ» ብለው ይጽፉታል። እናንተ በ«ት» ጻፉት፤ ትርጉሙ የሚሰማው ያኔ ነው። የልደት የምስክር ወረቀቷ ላይም አጻጻፉን ሳታረጋግጡ አትፈርሙ። ድሮነቱን እንደ ነውር አትቁጠሩት፤ ያማረ ስም ነው፣ አውጡላት።