ገብረ ክርስቶስ ደስታ፦ አገሩን በቀለም የፈለገ ሠዓሊ

በዚህ ዓመት ለአማርኛና ለሥዕል ትምህርታችን በጋራ የመረጥነው ሰው ገብረ ክርስቶስ ደስታ ነው። የመረጥነው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ሠዓሊም ገጣሚም ስለነበረ ሁለቱን ትምህርቶች ያገናኝልናል። ሁለተኛ፣ ከአገሩ ርቆ የኖረና ስለ አገሩ ያሰበ ሰው በመሆኑ፣ ሳውዝ ሲ ተቀምጠን ፊደል ለምንቆጥር ለእኛ ታሪኩ ቅርብ ነው።

ሕይወቱ

ገብረ ክርስቶስ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1932 በሐረር ከተማ ነው። አባቱ አለቃ ደስታ የቤተ ክህነት ሰው ሲሆኑ የብራና መጻሕፍትን በሥዕል ያስጌጡ ነበር። ስለዚህ ልጁ ቀለምና ብርዕ በቤቱ እያየ አደገ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሳይንስ ለመማር ቢገባም ትምህርቱን ሳይጨርስ ለቀቀ፤ ልቡ ወደ ሥዕል ያደላ ነበርና። ከ1957 እስከ 1961 በጀርመን፣ በኮሎኝ ከተማ ሥዕል ተማረ። በ1962 ወደ አገሩ ተመልሶ፣ አለ ፈለገ ሰላም በመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆነ። በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን የሥነ ጥበብ ሽልማት ተቀበለ። ከተማሪዎቹ አንዱ ዛሬ በዓለም የሚታወቀው ሠዓሊ ዘሪሁን የትምጌታ ነው።

በደርግ ዘመን ገብረ ክርስቶስ አገሩን ለቆ ወጣ። በ1981 በአሜሪካ፣ በኦክላሆማ ግዛት፣ ሃምሳ ዓመት ሳይሞላው አረፈ። በ2008 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በስሙ የተሰየመው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ተከፈተ። ወላጆች በክረምት ልጆቻችሁን ይዛችሁ አዲስ አበባ ከሄዳችሁ፣ ስድስት ኪሎ አካባቢ ስለሚገኝ ጎራ በሉ።

የዘይት ቀለም ምንድን ነው?

ገብረ ክርስቶስ በዘይት ቀለም ይሥል ነበር። የዘይት ቀለም የሚባለው በደንብ የተፈጨ የቀለም ዱቄት በዘይት ተለውሶ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ዘይቱ ከተልባ ይወጣል። ውኃ ቀለም ውኃው ሲተን ይደርቃል። የተልባ ዘይት ግን አይተንም፤ ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ቀስ በቀስ ይጠነክራል። በዚህ ምክንያት ለመድረቅ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይፈጃል። ሠዓሊው እስከዚያ ድረስ ቀለሙን መቀላቀል፣ መፋቅና መለወጥ ይችላል። አንድ ደንብ ግን አለ፦ ታች ያለው ሽፋን ዘይቱ ያነሰ፣ ላይ ያለው የበዛ መሆን አለበት። ከተገላበጠ የላዩ ቶሎ ይደርቅና፣ የታችኛው ገና ሲንቀሳቀስ ሥዕሉ ይሰነጠቃል።

ክርክሩ

ገብረ ክርስቶስ ከጀርመን ሲመለስ ይዞት የመጣው ረቂቅ ሥዕል ለብዙ ተመልካች እንግዳ ነበር። «ይህ የፈረንጅ ሥዕል ነው፤ ኢትዮጵያዊነቱ የቱ ላይ ነው?» የሚል ነቀፋ ደረሰበት። በ1963 የሠራውን «ጎልጎታ» ብንመለከት ግን ጉዳዩ የስቅለት ታሪክ ነው፤ የአባቱ ብራናዎችም የሚያውቁት ታሪክ ነው። የተለወጠው አነጋገሩ ነው፤ ሐዘኑን የሚናገረው ከሁሉ በፊት ቀዩ ቀለም ነው። በ1966 የሠራው «አረንጓዴ አብስትራክት» ደግሞ ከስሙ ጀምሮ ተመልካቹን ወደ አንድ ቀለም ይመራል። ተራራ ወይም ዛፍ አልተሣለበትም። ሆኖም ከክረምት በኋላ መስክ አይቶ የሚያውቅ ሰው ያ አረንጓዴ ምን እንደሚያስታውሰው ለራሱ ይጠይቅ። «አገሬ» የተሰኘውን ግጥሙን ያነበበም፣ ይህ ሰው አገሩን በብርሃንና በቀለም ያስብ እንደነበር ይረዳል።

ነቀፋው ለእኛ ለምን ይጠቅመናል? ልጆቻችን «የኢትዮጵያን መልክዓ ምድር ሣሉ» ሲባሉ አብዛኞቹ ከካሌንደር ላይ ጎጆና ላሊበላን ይገለብጣሉ። ብዙዎቹ እዚሁ ናይሮቢ ተወልደው አገሩን አላዩትም። ግልበጣው ያምራል፤ ነገር ግን ዓይናቸው አልሠራበትም። የገብረ ክርስቶስ ትምህርት ይህ ይመስለናል፦ ኢትዮጵያዊ ሥዕል ማለት የሚሣሉ ዕቃዎች ዝርዝር ሳይሆን፣ አንድ ኢትዮጵያዊ በራሱ ዓይን አይቶ፣ በራሱ ስሜት የቀባው ሥዕል ነው። እንዲህ ከሆነ ሳውዝ ሲ ያለ ልጅም የሚሥለው አለው።

የክረምት ሥራ

1. ከቤታችሁ አቅራቢያ ያለውን አፈር ተመልከቱ። የሳውዝ ሲ አፈር በዝናብ ጊዜ ጫማ ላይ የሚጣበቅ ጥቁር ነው። በአቃቂና በቢሾፍቱ በኩልም ተመሳሳይ ጥቁር አፈር አለ፤ መረሬ ይባላል። ይህን ቀለም ከቱቦ በወጣ ጥቁር ሳይሆን ሰማያዊና ቡናማ በመቀላቀል አግኙ።

2. ሰማዩ ሲጠራ የንጎንግ ኮረብታዎችን ከሩቅ እዩ። ሩቅ ያለው ተራራ ለምን ሰማያዊ ይመስላል? በመካከላችን ያለው አየር ብርሃኑን ስለሚበትነው ነው። ስለዚህ ሩቁን አደብዝዛችሁ፣ ቅርቡን አድምቃችሁ ቀቡ።

3. እናታችሁን፣ አባታችሁን ወይም አያታችሁን ስላደጉበት ቦታ ጠይቁ። «ምን ነበረ?» ብቻ አትበሉ፤ «ቀለሙ ምን ዓይነት ነበር?» በሉ። መልሱን በአማርኛ በአምስት ዓረፍተ ነገር ጻፉ፤ ከዚያ ጎጆ ሳትሥሉ ቀለሙን ብቻ ሣሉት።

ወላጆችንም አንድ ነገር አደራ እንላለን። ልጃችሁ ሦስተኛውን ጥያቄ ይዞ ሲመጣ ሥራ በዝቶብኛል አትበሉት። ለእሱ ሌላ ካሌንደር የለውም፤ የሚያየው በእናንተ ዓይን ነው።